ውሃ በኪሎ

ኅዳር፣ ሐሙስ ማታ

የጅማው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው። በኅዳር ሲሆን መልኩ ይለወጣል፤ በቆሎው ተፈልፍሎ፣ ዛላ በርበሬው ተከምሮ፣ ጀንፈሉ (ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና) በማዳበሪያ ታጭቆ ይወጣል። ዋጋው ረከሰ ተብሎ ኩንታል የሚጫነውም አሁን ነው። ችግሩ፣ አዲስ እህል እርጥብ ነው፤ ሚዛን ላይ ደግሞ ውሃውም በእህል ዋጋ ይሸጣል።

እርጥበቱ 20 በመቶ የሆነ 100 ኪሎ በቆሎ፣ ለማስቀመጥ ወደሚበቃው 13 በመቶ ሲደርቅ 92 ኪሎ ይቀራል። 8 ኪሎው ተኖ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ እርጥቡ ከደረቁ ቢያንስ በ8 በመቶ ካልረከሰ ርካሽ አይባልም፤ ማድረቁ ደግሞ ሸራ፣ ፀሐይና ዶሮ የሚያባርር ልጅ ይፈልጋል።

ጥርስ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ደረቅ ፍሬ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ለኩንታል ግን ጥርስ ብቻ አይበቃም። አንድ ጣሳ ገዝቶ ቤት በጨው መሞከር፣ ኩንታሉን ለሚቀጥለው ሐሙስ ማቆየት ነው። ክዳን ያለው ደረቅ ብልቃጥ ሲሶው ድረስ በእህሉ ይሞላል፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይጨመርበትና አንድ ደቂቃ በደንብ ይናጣል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው ብልቃጡ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተለጠፈ ይገዛል፣ ግን አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጨዉ ላይ ነው። በጅማ አየር ጨው ራሱ ያልበዋል፤ ምጣድ ላይ አሙቀው ካላቀዘቀዙት ደረቁን በቆሎ እርጥብ ያስመስለዋል።

ማስቀመጫው ካልተዘጋጀ ደግሞ የጅምላ ግዢ ለነቀዝ ቀለብ መስፈር ነው። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ውስጡ ሁለት የላስቲክ ሽፋን አለው። አየሩን ጨምቆ ማስወጣት፣ እያንዳንዱን ሽፋን ለየብቻ ጠምዝዞ ማሰር፤ ነቀዙ የቀረችውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግም። እርጥብ እህል ከታሰረበት ግን ይሻግታል። በየቀኑ ሲፈታም ለነቀዙ አየር መቀለብ ስለሆነ፣ የሦስት ሳምንቱን ፍጆታ አስቀድሞ በሌላ ዕቃ ማውጣት ነው።

በርበሬ ላይ ውሃው አንዳንዴ ሆን ተብሎ ይረጫል፤ ዛላው አይሰበርም፣ ሚዛንም ይደፋል። ደረቅ ዛላ ሲነቀነቅ ፍሬው ይንኳኳል፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ከኬሻው መሃል ሁለት ሦስቱን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ካለ በምንም ዋጋ አይገዛም። በፀሐይም በመቁላትም አይድንም።

ጀንፈል? ኅዳር ላይ ገና ነው፣ ታኅሣሥና ጥር ይሻላል። ሁለት ኪሎው አንድ ኪሎ ገደማ ቡና ይወጣዋል፤ ያም ሲቆላ ከ150 እስከ 200 ግራም ይቀንሳል። የሁለት ኪሎ ጀንፈል ዋጋና የመፈልፈያው ተደምሮ ከአንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ካልረከሰ ትርፉ ድካም ነው።

ሚዛን ሲያጠራጥር ያልተከፈተ ባለ 1 ሊትር የታሸገ ውሃ ማስመዘን ነው፤ ከፕላስቲኩ ጋር ከ1 ኪሎ ጥቂት ግራም ማለፍ አለበት። ውሃ በኪሎ ሲለካ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ብቻ ይመስለኛል። ጣሳም ቢሆን ታቹ ወደ ውስጥ የተገፋ አለ፣ ከመስፈር በፊት ገልብጦ ማየት አያሳፍርም። ዘይት በኪሎና በሊትር ሲቀርብ አያምታታ፤ 5 ሊትሩ 4.6 ኪሎ ገደማ ነው።

አትክልት ከ10 ሰዓት በኋላ ይረክሳል፤ ከዴዶና ከማና የመጣው ሻጭ ተሸክሞ መመለስ አይፈልግም። መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ «ሜቃ?» (ስንት ነው?) ብሎ በኦሮምኛ መጠየቅም ዋጋ አለው። ሽንኩርት አንገቱ ከለሰለሰ በሳምንት ይበሰብሳል፣ ይታለፍ። አቮካዶ ጠንካራውን መርጦ ቤት ማብሰል ነው። በዚያ ሰዓት የሚገኘው ቲማቲም ግን ቀኑን ሙሉ ሲጨመቅ የዋለ ነው፤ ማታውኑ ተከትፎ ስልስ ካልሆነ ዓርብ ጠዋት ለጥጃ ነው።