በአምስተርዳም የባሕር ታሪክ ሙዚየም ያሳለፍሁት ረፋድ

በዕረፍት ጊዜዬ አምስተርዳምን ስጎበኝ ከቦዮቿና ከድልድዮቿ ይልቅ ልቤን የያዘው ብሔራዊው የባሕር ጉዞ ታሪክ ሙዚየም ነበር። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1656 ለባሕር ኃይሉ የጦር መርከቦች መድፍ፣ ሸራና ገመድ ማከማቻ እንዲሆን የተሠራ ግምጃ ቤት ሲሆን፣ ሙዚየሙ የገባበት በ1973 ነው። የውስጥ ግቢውን የሸፈነው የመስታወት ጣሪያ ንድፍ በጥንታዊ የባሕር ካርታዎች ላይ ከሚታዩት የአቅጣጫ መስመሮች የተወሰደ መሆኑን ስረዳ፣ ወደ ላይ አንጋጥጬ ለረጅም ጊዜ ቆምሁ።

ከሁሉም በላይ ያስደነቀችኝ ግን ከደጅ በውኃው ላይ የቆመችው መርከብ ናት። ይህች መርከብ የኔዘርላንድሱ የምሥራቅ ህንድ የንግድ ኩባንያ ንብረት የነበረችውና በ1749 ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ በእንግሊዝ ጠረፍ፣ በሄስቲንግስ አቅራቢያ፣ አሸዋ ውጧት የቀረችው «አምስተርዳም» ቅጂ ናት። ጎንበስ ብዬ ወደ ታችኛው ወለል ስወርድ፣ መርከበኞች በዚያ ጠባብ ስፍራ ተፋፍገው ለወራት መጓዛቸውን አሰብሁ፤ ይኸው ኩባንያ የገውዝ ቅመም ንግድን ብቻውን ለመያዝ ሲል በ1621 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ የሚገኙትን የባንዳ ደሴቶች ሕዝብ መፍጀቱ ትዝ ሲለኝም፣ የዕቃ ማከማቻው ጨለማ ከበደኝ። ከመርከቧ የወረድሁት ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነበር።