የገዢውም የሻጩም ደላላ

አባታችን ደሴ ሆጤ ያወረሰንን ቤት ለመሸጥ ስንነሳ እኔና አዲስ አበባ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በሁለት ነገር ተስማምተን ነበር፤ አንደኛው ከ4 ሚሊዮን 170 ሺህ ብር በታች ላለመውረድ፣ ሁለተኛው አባታችንን በሕይወት ሳለ ያውቀው ለነበረ አንድ የሰፈር ደላላ ጉዳዩን ለመስጠት ነበር። የመጀመሪያውን ስምምነታችንን ያበላሸው ሁለተኛው ነው።

ደላላው ካርታውን እያገላበጠ፣ “ልጄ፣ የመጨረሻችሁን ንገሩኝና በዚያ ልክ ሰው ልፈልግ” አለኝ። ነገርኩት። እህቴ ለልጇ ሕክምና ገንዘቡ እንደሚያስቸኩላትም ሳልጠየቅ ጨመርኩለት። በሳምንቱ አንድ ገዢ ከኮምቦልቻ ይዞልን መጣ። ሰውዬው ግቢውን ዞረ፣ ቀና ብሎ የጣሪያውን ቆርቆሮ አየ፣ ከዚያም ሁለተኛውን ቡና ሳይጠጣ “4 ሚሊዮን 170 ሺህ እሰጣለሁ” አለ። ቤት የሚገዛ ሰው ዋጋ ሲጀምር ከሙሉ ቁጥር ይነሳል እንጂ ከ170 ሺህ አይነሳም። ዋጋውን ከየት እንዳገኘው ስጠይቀው ደላላው እንደነገረው፣ ደላላውም የእሱ ሰው እንደሆነና 2 በመቶ ኮሚሽን ሊከፍለው እንደተዋዋሉ ምንም ሳይደብቅ አጫወተኝ። ከእኛም ጋር የተነጋገርነው በ2 በመቶ ነበር። ይባስ ብሎ ለገዢው “ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ ቆሟል፣ ቶሎ በል” ብሎት ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አልነበረም።

በእኛ አገር ደላላ ከሻጭም ከገዢም መቀበሉ የተለመደ ስለሆነ በኮሚሽኑ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት የእኔን ምስጢር ለገዢው አሳልፎ መስጠቱን፣ በዚያ ላይ የሌለ ነገር ፈጥሮ ለእሱ መንገሩን ነው። ሁለት ሰው ካገናኘ በኋላ ዝም ማለት ሲችል፣ ውሉ ቶሎ እንዲያልቅለት ብቻ የሁለታችንንም ጎን ወጋ።

ነገሩን ያከበደው እህቴ መንገዱን ለመሸሽ ለዚሁ ደላላ የመሸጥ ውክልና ልትልክለት መሆኑ ነው። የሚያገናኝ ደላላና ወኪል በሕግ አንድ አይደሉም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆንና ለወካዩ ጥቅም ብቻ መሥራት አለበት። በቁጥር 2187 ደግሞ የወኪሉ ጥቅም ከወካዩ ጋር ሲጋጭ፣ ይህንንም ሌላው ተዋዋይ ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት ከሆነ፣ ወካዩ ውሉ እንዲፈርስለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህም ጉዳዩን ካወቀ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ግን ቤቱ ከእጅ ከወጣ በኋላ ፍርድ ቤት መመላለስን ማን ይመኛል? ለእህቴ ያኔውኑ ደውዬ ውክልናውን አስቀረሁ፤ ተቆጥታም ቢሆን በአውቶቡስ መጣች።

ከዚያ ደላላውን ገዢው ባለበት አስቀምጬ፣ “ጋሼ፣ ኮሚሽንዎን ከሁለታችንም ይቀበሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ስለ ዋጋ የምንነጋገረው እኛ ነን” አልኩት። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ “ነገሩን ለማቅለል ብዬ ነው እንጂ” አለ። ከየማን ስንት እንደሚቀበልና የሚቀበለውም ውሉ ከተፈረመ በኋላ ብቻ እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ሦስታችንም ፈረምን። ቀብዱንም እህቴ ሳትደርስ አልቀበልም አልኩ፤ ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ሐሳቡን ቢቀይር፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እጥፉን እንደሚመልስ አውቄ ነበርና።

ለገዢው ሌላ ተጫራች እንደሌለ ነገርኩት፤ የእኛን መቸኮል ልደብቅ ብል ግን ከንቱ ነበር፣ እሱ አስቀድሞ ያውቀዋልና። ሁለት ቀን ተከራክረን በ4 ሚሊዮን 260 ሺህ ተዋዋልን። ደላላው ድርሻውን ቆጥሮ ኪሱ ከከተተ በኋላ ወደ እህቴ ዞር ብሎ “ኮምቦልቻ ላይ አንድ ጥሩ ቦታ አለኝ፤ ለመግዛት የመጨረሻሽ ስንት ነው?” አላት። እሷም ሣቀችና “መጀመሪያ የሻጩን ይንገሩኝ” አለችው።