ሁሉም ቦታ 200 ሜትር ወደ ሰሜን ሲሸሽ፦ ኪውጂአይኤስ ለከተማ ዳር ቀያሾች

በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በገላን ዙሪያ ቦታ የሚለኩ ትናንሽ ቢሮዎች የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌሩን የአርክጂአይኤስን ፈቃድ መክፈል ስለሚከብዳቸው ብዙዎቹ ክራክ በተደረገ ኮፒ ይሠራሉ። አያስፈልግም። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገነባው ኪውጂአይኤስ የተባለ ተመሳሳይ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ለዕለት ሥራ ይበቃል፤ የአርክጂአይኤስን ጂኦዳታቤዝም (የካርታ መረጃ ማከማቻ) ይከፍታል። የማይከፍተው የካርታው ገጽታ የሚቀመጥበትን የአርክጂአይኤስ የኤምኤክስዲ ፕሮጀክት ነው፤ መረጃው ይመጣል፣ ቀለሙና ጽሑፉ ግን እንደ አዲስ ይሠራል። መጫኛው ከ1 ጊጋባይት ስለሚበልጥ አንዱ አውርዶ ለሌላው በፍላሽ ይስጠው፤ ሕጋዊ ነው።

ሥራ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዳተም፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ ነው። የቀድሞዎቹ ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ዳተም፣ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ነው፤ በሶፍትዌሩ ውስጥ መለያ ኮዱ 20137። ስልክና የእጅ ጂፒኤስ የሚሰጡት ደብልዩጂኤስ 84 በተባለው ዳተም ሲሆን፣ በዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ሲነበብ ኮዱ 32637 ነው። አዲስ አበባ አካባቢ የአንድ ነጥብ ንባብ በሁለተኛው ሲሆን ኢስቲንጉ (ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው) በ90 ሜትር ገደማ፣ ኖርዚንጉ (ወደ ሰሜን የሚቆጠረው) ከ200 ሜትር በላይ ይጨምራል። የጂፒኤሱን ቁጥር እንዳለ አዲንዳን ካርታ ላይ ብታሳርፉት አስፋልቱ ዳር ያለ ግቢ ማዶ ተሻግሮ ሰው እርሻ ውስጥ ይገባል። ሁሉም ነጥብ በአንድ መጠን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከሸሸ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» የሚለው ትእዛዝ የሌየሩን (የካርታውን ንብርብር) ኮድ ስሙን ብቻ ይለውጣል፤ ቁጥሩን አይነካም። መጀመሪያ መረጃው የተሰበሰበበትን ትክክለኛ ኮድ በእሱ ስጡት፤ ከዚያ ፕሮሰሲንግ ውስጥ «ሪፕሮጀክት ሌየር» ብላችሁ ወደምትፈልጉት አዙሩት። የመቀየሪያ ምርጫዎች ሲዘረዝርላችሁ ለኢትዮጵያ የተዘጋጀውን ያዙ። ያም ሆኖ ጥቂት ሜትር ስህተት ይቀራልና የወሰን ድንጋይ በእሱ አትትከሉ።

ሼፕፋይል የተባለውን የተለመደ የካርታ ፋይል በአማርኛ ለሚሞላ ሰው አልመክርም። የዓምድ ስም ከ10 ባይት አያልፍም፤ በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደል የሚያስቀምጥበት ዘዴ) አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ የሚተርፈው 3 ፊደል ነው፤ «የባለይዞታ ስም» ተቆርጦ «የባለ» ይሆናል። ጂኦፓኬጅ የተባለው የፋይል ዓይነት ይህ ገደብ የለበትም፤ ሁሉም በአንድ ፋይል ይቀመጣል።

ስፋት ስታሰሉ ደግሞ ሌየሩ ከኦንላይን ካርታ በወረሰው ኮድ 3857 እንዳይሆን እዩ። በእኛ ኬክሮስ 200 ካሬ የነበረው ቦታ በጠፍጣፋ ካርታው (ፕላኒሜትሪክ) ስሌት 206 ገደማ ይወጣል። ለባለይዞታው 6 ካሬ ቀላል ነገር አይደለም።

ቶታል ስቴሽን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካ የቅየሳ መሣሪያ) ለያዘ ሰው አንድ ልጨምር። ለገጣፎን በመሰለ ከፍታ መሬት ላይ የተለካ 1 ኪሎ ሜትር በዩቲኤም ላይ 78 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ግማሹ ከዩቲኤም 0.9996 ስኬል (ርቀት የሚያሳጥር ማባዣ)፣ ግማሹ ከከፍታው ይመጣል። መሣሪያውም ኪውጂአይኤስም አልተሳሳቱም፤ ረጅም መስመር፣ ለምሳሌ የመንገድ ወይም የውኃ ቱቦ፣ ካርታ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት የሜዳውን ርቀት በ0.99922 አባዙት።