ሻርክ ፍለጋ ወደ መሀል አገር

ዛሬ የሻርክ ጥርስ አገኘሁ። ያገኘሁት ምዕራብ ካንሳስ ውስጥ ነው፤ በግራም በቀኝም የስንዴ ማሳና የከብት ግጦሽ በሚታይበት ሜዳ። ከዚያ ተነስቶ ጨዋማ ውኃ መንካት የፈለገ ሰው በአጭሩ መንገድ ቢሄድ እንኳ መጀመሪያ ኦክላሆማን፣ ቀጥሎ ቴክሳስን ማቋረጥ አለበት። ደስታዬ ገና አልበረደም፤ ሳይበርድ ልጻፈው።

ጥርሱ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ቡናማ ነው፤ ወደ ጫፉ ጠቆር ይላል። በማጉያ መነጽር ሳየው ጠርዙ ዙሪያውን እንደ መጋዝ ነው። ጥፍሬን ቀስ ብዬ ሳስኬድበት ደቃቆቹ ጥርሶች አንድ በአንድ ይሰሙኛል። ሥሩ በአንድ በኩል ተሸርፏል። ኢናሜሉ (ጥርሱን ከላይ የሚሸፍነው ጠንካራና አብረቅራቂ ክፍል) ግን ትናንት የወለቀ ነው የሚመስለው። ይህ ጥርስ ሥጋ ከቆረጠ ወደ 85 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ያኔ ይህ ሜዳ ባሕር ነበር። ቁጥሩን እዚህ ጻፍኩት እንጂ ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም ብል አላጋንንም።

የሄድነው በቡድን ነው፤ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅደን። ይህን ማለት ያስፈልጋል። እዚያ አካባቢ አብዛኛው መሬት የግል ነው፤ ዝም ብሎ አጥር ዘሎ መግባት የለም። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ደግሞ የአከርካሪ አጥንት ያላቸውን እንስሳት ቅሪተ አካል ያለ ፈቃድ ማንሳት በ2009 የወጣ ሕግ ይከለክላል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) አንዲት የሻርክ ጥርስም ብትሆን እዚያ ውስጥ ትገባለች።

መሪያችን በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ሲራመዱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው። እኔ ከወዲያ ወዲህ ስል ጠሩኝ።

«የኔ ልጅ፣ አትቸኩዪ። ጥርስ ጥርስ እያልሽ አትፈልጊ፤ የሚያበራ ነገር ፈልጊ።»

«እርስዎ ከዚህ ሁሉ ድንጋይ እንዴት ነው የሚለዩት?»

«ድንጋዩ ደብዛዛ ነው። ኢናሜል ያበራል። ፀሐይዋ ገና ዝቅ እንዳለች ጎንበስ ብለሽ እዪ።»

ተንበርክኬ ፈለግሁ። ጉልበቴና እጄ በአንዴ ነጭ ሆነ። መሬቱ እኮ ጠመኔ ነው፤ እውነተኛ ጠመኔ። መጀመሪያ ያየሁት የዛጎል ስብርባሪ ነበር፤ ወፍራም፣ በጎን ሲያዩት ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት። ኢኖሴራሚድ ይባላሉ። አንዳንዶቹ በዘመናቸው ከሰው ቁመት በላይ ስፋት ነበራቸው። ከዚያ ዝናብ በቦረቦረው ቦይ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ።

ላነሳው እጄን ስሰድድ ሴትዮዋ አስቆሙኝ። መጀመሪያ ፎቶ፣ ቀጥሎ ጽሑፍ። ቦታው፣ ቀኑ፣ ከየትኛው ንብርብር አጠገብ እንደነበር ሁሉ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገባ። በጠመኔው መሀል አንዳንድ ቦታ ቀጭን የሸክላ መስመር ይታያል። ከሩቅ እሳተ ገሞራ ተነስቶ ባሕሩ ላይ የወደቀ አመድ ነው። ባለሙያዎቹ የንብርብሩን ዕድሜ የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ በእነዚህ መስመሮች ነው። ስለዚህ ጥርሱ ከመስመሩ በላይ ነበር ወይስ በታች የሚለው ትልቅ ነገር ነው። የት እንደተገኘ ያልተጻፈበት ጥርስ ያምራል፤ ግን ለሚያጠናው ሰው ምንም ማለት አይችልም። በየሱቁ ሣጥን ሙሉ የሻርክ ጥርስ ያለ አድራሻ ሲሸጥ ማየት ከዛሬ ጀምሮ ሊያመኝ ነው።

ጥርሱን አይተው «ስኳሊኮራክስ ነው» አሉኝ። ይህ ሻርክ ያገኘውን የሚበላ ነበር፤ የሞተም ቢሆን አይምርም። አላባማ ውስጥ ጥርሱ በዳይኖሰር የእግር አጥንት ውስጥ ተሰክቶ ተገኝቷል። ዳይኖሰሩ የየብስ እንስሳ ነው፤ ሬሳው በውኃ ተወስዶ ባሕር መሀል የደረሰ ነው የሚመስለው።

ለምን ግን ሁልጊዜ ጥርስ? የሻርክ አጽም አጥንት የለውም። ልም አጥንት ነው፤ የአፍንጫችንና የጆሯችን ቅርጽ የተሠራበት ዓይነት። ሻርኩ ሲሞት ይበሰብሳል፣ ይበተናል፤ ድንጋይ እስኪሆን አይቆይም። ጥርሱ ግን ጠንካራ ነው። በዚያ ላይ ሻርክ ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ይቀይራል። የፊተኛው ሲወልቅ ከኋላ የተሰለፈው ወደ ፊት ይመጣል። አንድ ሻርክ በሕይወት ዘመኑ በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ባሕር ወለል ላይ ጥሎ ያልፋል። ስለዚህ እኔ ያገኘሁት የሞተ ሻርክ ላይሆን ይችላል። ጥርሱን ጥሎ፣ ሌላ አብቅሎ፣ ብዙ ዓመት የኖረ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ባሕሩን ላስረዳ። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ሰሜን አሜሪካን ለሁለት የከፈለ ባሕር ነበር፤ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እስከ አርክቲክ። ያኔ ምድር ሞቃት ነበረች። ዋልታዎቹ ላይ ዛሬ እንደምናየው ያለ የበረዶ ክምር አልነበረም፤ የውቅያኖሱ ከፍታም ከአሁኑ እጅግ ይበልጥ ነበር። የአህጉሩ መሀል ደግሞ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ውኃው ገባበት። በኋላ ሮኪ ተራሮች ሲነሱ መሬቱም አብሮ ከፍ አለ፤ ባሕሩ እየሸሸ ሄዶ ደረቀ። ዛሬ የካንሳስ ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,231 ሜትር ነው። ጠመኔው ራሱ የባሕሩ ሥራ ነው። በዓይን የማይታዩ አልጌዎች የኖራ ቅርፊት ነበራቸው። ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወደ ታች ዘነበ፤ ለሚሊዮን ዓመታት። ሞኑመንት ሮክስ የሚባሉት የጠመኔ ዓምዶች ወደ 20 ሜትር ይደርሳሉ። እግራቸው ሥር ቆሜ ወደ ላይ ሳይ አንገቴን አመመኝ። ያ ሁሉ የደቃቅ ቅርፊት ክምር ነው።

ከሰዓት በኋላ ሄይስ ከተማ ወደሚገኘው ስተርንበርግ ሙዚየም ሄድን። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ዓሣ በዓሣ ውስጥ ወዳለበት። ዚፋክቲነስ የሚባል ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም ዓሣ፣ ሆዱ ውስጥ ጊሊከስ የሚባል 1.8 ሜትር ገደማ የሆነ ዓሣ ሳይፈጭ እንዳለ አለ። ጆርጅ ስተርንበርግ በ1952 ያወጣው ነው። የዋጠው ሳይሆን አይቀርም የገደለው። በእርግጥ የሚገርም ነው፤ እኔም ቆሜ አየሁት። ልቤ ግን ሻርኮቹ ጋ ነበር።

የዚያ ባሕር ጌታ ክሬቶክሲራይና ነው። እስከ 7 ሜትር ገደማ ያድግ ነበር። ጥርሱ እኔ እንዳገኘሁት ጥርስ መጋዝ ጠርዝ የለውም፤ ለስላሳና ስል ነው። ስሞኪ ሂል የተባለው የዚህ አካባቢ ጠመኔ ያለው ደግነት ይሄ ነው፤ ሌላ ቦታ የማይቀረውን ልም አጥንት አንዳንዴ ይዞ ያቆያል። ልም አጥንቱ ላይ የካልሲየም ማዕድን ስለሚጋገርበት ይጠነክራል። ስተርንበርግ ሙዚየም በ1965 የተገኘ የዚህን ሻርክ አጽም ይዟል፤ የአከርካሪው ክብ ክብ ልም አጥንቶች በሰልፍ፣ ጥርሶቹም አብረውት። ሳይንቲስቶች መንጋጋው ውስጥ የትኛው ጥርስ የቱ ጋ እንደሚገባ ያወቁት ከእንዲህ ዓይነቱ ግኝት ነው። ከአንድ ጥርስ ብቻ ይህን ማወቅ አይቻልም።

ይህ ሻርክ የሚበላው ውኃ ውስጥ ያለውን ብቻ አልነበረም። ፕተራኖዶን የሚባል ክንፉ ሲዘረጋ 5 ሜትር ገደማ የሚሆን በራሪ ተሳቢ እንስሳ ነበር። ከዚሁ ጠመኔ በ1960ዎቹ የወጣ የአንዱ አንገት አጥንት ላይ የክሬቶክሲራይና ጥርስ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ጥናቱ በ2018 ታተመ። አየር ላይ ይያዘው፣ ውኃ ላይ አርፎ ይያዘው፣ ሞቶ ሲንሳፈፍ ይንከሰው፣ አጥንቱ አይናገርም። ጥርሱ ግን እዚያው አለ። አጥንቱ የሚገኘው ሎስ አንጀለስ ነው፤ ካንሳስ ሜዳ ላይ ወጥቶ ባሕር ዳር ከተማ ገባ።

አንድ ቅር ያለኝን ልናገር። በየሙዚየሙ ሰው የሚያቆመው የተከፈተ ግዙፍ መንጋጋ ነው፤ ልጆች ውስጡ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ደስ ይላል። ግን ታይኮደስ የሚባለው ሻርክ ጋ የሚቆም የለም፤ ይህ አግባብ አይመስለኝም። ታይኮደስ መናከሻ ጥርስ የለውም። ጥርሶቹ ሰፋፊ፣ ሸንተረር ያላቸው፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው የተነጠፉ ናቸው፤ እነዚያን ወፋፍራም ዛጎሎች ለመሰባበር የተሠሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ጥርሱን እየያዘ የባለቤቱን መልክ ሳያውቅ ኖረ። በ2024 ከሜክሲኮ ሙሉ አካላቸው የቀረ ቅሪቶች ጥናት ወጣና የዛሬዎቹ ትልልቅ ነጭ ሻርኮች ካሉበት ወገን መሆኑ ታወቀ። ይህ ሁሉ ታሪክ ያለው ጥርስ መስታወት ጥግ ተኝቶ ሰው ያልፈዋል።

ከባሕር የራቀ አገር ሻርክ ያለው ካንሳስ ብቻ አይደለም። ኬንታኪ ውስጥ ማሞዝ ዋሻ ግድግዳ ላይ በ2019 ሳይቮደስ የሚባል ሻርክ የራስና የመንጋጋ ልም አጥንት ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ 330 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከዚያው ዋሻ ከ40 በላይ የሻርክና የዘመዶቻቸው ዝርያ ተለይቷል። ሞንታና ውስጥ ቤር ጋልች ከሚባል ቦታ ፋልካተስ የሚባሉ ትናንሽ ሻርኮች ወጥተዋል፤ ወንዱ ከራሱ በላይ ወደ ፊት የታጠፈ እሾህ አለው። አንድ ድንጋይ ላይ ጥንዶቹ አብረው ቀርተዋል፣ ሴቷ እሾሁን በአፏ ይዛ።

የአይዳሆውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ሄሊኮፕሪዮን ይባላል። የተገኘው ፎስፌት የሚወጣበት ማዕድን ውስጥ ነው። ጥርሶቹ በአንድ መስመር ወደ ውስጥ እየተጠቀለሉ ክብ ሠርተዋል። ሩሲያዊው ካርፒንስኪ በ1899 ስሙን ካወጣለት ጀምሮ ይህ ጥቅል የቱ ጋ እንደነበር ሲያከራክር ኖሯል። አፍንጫ ላይ ያደረጉት አሉ፣ ጀርባ ላይ፣ ጭራ ላይም። በ2013 አይዳሆ ያለውን ድንጋይ በሲቲ ስካን አዩት። ጥቅሉ የታችኛው መንጋጋ መሀል ላይ ነው። እንስሳውም ቁርጥ ያለው ሻርክ ሳይሆን ኪሜራ የሚባሉት ዓሦች ዘመድ ሆኖ ተገኘ። መቶ ዓመት የቆየ ጥያቄ ድንጋዩ ሳይሰበር ተመለሰ። እኔን የሚያስደስተኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

በሕይወት ያለ ሻርክም መሀል አገር አለ። ከእነዚህ ሜዳዎች ብዙም በማይርቅ አንድ አኳሪየም ገብቼ ነበር። ውኃውን ራሳቸው ነው የሚሠሩት፤ ለአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ጨው እየጨመሩ። ሳንድ ታይገር የሚባለው ሻርክ ከአናቴ በላይ ቀስ ብሎ አለፈ። አፉ ቢዘጋም ጥርሶቹ ይታያሉ። አንዳንዴ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል፤ አየሩን ሆዱ ውስጥ ይዞ ሳይሰምጥ ለመንሳፈፍ። ገንዳው አሸዋ ላይ የወለቁ ጥርሶች ይታዩ ነበር። ይህ ሻርክ ደግሞ የክሬቶክሲራይናና የስኳሊኮራክስ ወገን ነው።

ግድግዳው ላይ ስለ ሻርኩ ምግብና ስለ መኖሪያው ውቅያኖስ በደንብ ተጽፏል። ሕንፃው የቆመበት መሬት ባሕር እንደነበር ግን አንድ መስመር የለም። ልጆች ሻርኩ ለዚህ አገር እንግዳ መስሏቸው ይወጣሉ። ዘመዶቹ ግን እዚሁ ለሚሊዮን ዓመታት ኖረዋል። ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ብዙ ወጪም የለውም። ገንዳው አጠገብ አንድ ትንሽ የመስታወት ሣጥን፣ ውስጡ የአካባቢው የስኳሊኮራክስና የታይኮደስ ጥርስ፣ ማጉያ መነጽር፣ የተገኙበት ቦታና ዕድሜ። ልጁ ከላይ የሚዋኘውን ሻርክ ጥርስ አይቶ ከታች ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ያያል። ነገ ጠዋት ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ። ጥርስ የሚያውሳቸው ካጡም ሴትዮዋን አስተዋውቃቸዋለሁ፤ ቤታቸው ውስጥ በመሳቢያ በመሳቢያ ጥርስ አላቸው፣ እያንዳንዱ አድራሻው ተጽፎበት፤ የሚያሳዩትን ሰው እየጠበቁ ነው።