የሰበር ውሳኔ ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደምፈልግ

ደንበኛ ጉዳዩን በተናገረበት አነጋገር ከፈለጋችሁ የሰበር ውሳኔ፣ ማለትም የመጨረሻ ፍርድ የሕግ ስሕተት አለበት ሲባል የሚመረምረው ችሎት የሰጠውን ውሳኔ፣ አታገኙም። አንድ እናት ቢሮ መጥተው «ልጄ፣ ቤት ገዝቼ ካርታው በስሜ አልዞረልኝም» አሉኝ። ውሉ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ምስክሮች ፈርመውበታል፤ ውልና ማስረጃ ግን አልቀረበም። «ቤት ገዛሁ ካርታ» ብሎ መፈለግ የደላላ ማስታወቂያ ከማምጣት አያልፍም። ዳኛ የሚጽፈው «የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል»፣ «ስመ ሀብት ዝውውር»፣ «በሕግ ፊት የሚጸና ውል» እያለ ነው። እኔም መጀመሪያ የደንበኛዬን ታሪክ በፍርድ አጻጻፍ ወረቀት ላይ አሰፍርና ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ እዞራለሁ።

ከቃላት ይልቅ የማምነው ግን የአንቀጽ ቁጥርን ነው። ሥራና ስራ፣ አንቀጽና አንቀፅ፣ ፍርድ ቤትና ፍ/ቤት ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለመፈለጊያው ሳጥን ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። 1723 ግን የትም 1723 ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ (ውል በሚያረጋግጥ ሹም) ፊት እንዲደረግ የሚያዘው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር ይህ ስለሆነ፣ «1723» ብዬ ስፈልግ የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 ወጣልኝ። በ1999 ዓ.ም. የተሰጠ ውሳኔ ነው፤ ይህን ፎርም፣ ማለትም ሕጉ ያዘዘውን የውል አደራረግ፣ ያላሟላ የሽያጭ ውል አይጸናም ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ዋናው ሥራ ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከቀድሞው አዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የሰጡት የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ሰበሩ ራሱ ግን በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። አሁን በሥራ ላይ ባለው አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ የቀድሞውን ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች መሰየም አለባቸው። ስለዚህ የመዝገብ ቁጥሩን ራሱን መፈለጊያ አደርገዋለሁ። «21448» ብዬ ስፈልግ፣ ያንን ውሳኔ የሚጠቅሱ በኋላ የተሰጡ ፍርዶች ይመጣሉ። ሰበሩ ኋላ ላይ ሻጩ ውሉን ካልካደ ፎርም አልተሟላም ተብሎ ብቻ ውሉ ፈራሽ ሊባል አይገባም ማለቱን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። የእኚያ እናት ሻጭ ደግሞ በመልሱ «ሸጫለሁ፣ ነገር ግን ውሉ አልተመዘገበም» ብሏል። ክርክሬን ያቆምኩት በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

በውሳኔው ራስጌ ላይ የሚቀመጠውን አጭር ማጠቃለያ በጭራሽ አልጠቅስም። ፍሬ ነገሩ ያለው «ፍርድ» ከሚለው ርእስ በታች ነው፤ ሻጩ ካደ ወይስ አመነ የሚለውን የሚነግረኝም እሱ ክፍል ነው።

የሰበር ውሳኔዎች ተሰብስበው የታተሙባቸው፣ በምስል መልክ የተነሡ የቆዩ ቅጾች ቃል ቢፈለግባቸው ምንም አይመልሱም። እነዚያን በየቅጹ ማውጫ መሄድ ይሻላል። ለአዋጆች ደግሞ አንድ ዘዴ አለችኝ፦ ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ስለሚያትም፣ አማርኛው አልፈለግ ሲለኝ በእንግሊዝኛው ቃል ፈልጌ ገጹን አገኝና አማርኛውን አነባለሁ። ልዩነት ቢኖር የሚጸናው አማርኛው ነውና። ዓመተ ምሕረቱንም ልብ በሉ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በአማርኛ 1156/2011 ሲሆን በእንግሊዝኛ 1156/2019 ተብሎ ይጻፋል። በሥራ ክርክር ያገኛችሁት ውሳኔ የተሻረውን 377/1996 ተንተርሶ የተሰጠ ከሆነ፣ አንቀጹ በአዲሱ አዋጅ እንዳለ መቀጠሉን ሳታስተያዩ አትጥቀሱት።

ያወረድኩትን ፋይል በመዝገብ ቁጥሩ፣ በቅጹና በቀኑ እሰይመዋለሁ። የምጠቅሰውንም ገጽ አትሜ መዝገቤ ውስጥ አስገባለሁ፤ ችሎት ላይ ኔትወርክ አይጠበቅምና።