ማስቀበሩ አምስት ደቂቃ፣ ማስወጣቱ ሦስት ወር

በግራ ክንዴ ውስጠኛ ጎን ጠባሳ አለኝ። የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር "ብረት ቧጭሮኝ ነው" እላለሁ። ውሸቴን ነው። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ሲወጣ የቀረልኝ ነው።

እሱን ከማስቀበሬ በፊት የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ነበር የምወጋው። ቀጠሮ መርሳት አመሌ ነው። ሁለተኛዋ ልጄ የተረሳ ቀጠሮ ናት፣ እግዜር ያሳድጋት። እሷን ወልጄ ስነሳ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ "የሦስት ዓመቱን ክንድሽ ላይ ልቅበርልሽ፣ ከዚያ በኋላ ቀጠሮ የለ ምን የለ" አለችኝ። በነፃ ነው። ማደንዘዣ ወጋችኝ፣ 4 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን ዘንግ አስገባች፣ በፋሻ አሰረችኝ። "እስቲ ዳሰስ አድርጊው" አላለችኝም። እኔም አልዳሰስኩም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ደሙ ከስድስት ወር በኋላ ጀመረ። አልተነገረኝም ማለት አልችልም። "የወር አበባ ሊዛባ ይችላል" ተብያለሁ። ሊዛባ! በወር ሃያ ቀን ሲፈስ ምኑ መዛባት ነው? ታኅሣሥ 19 ለገብርኤል ንግሥ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። ወሩን ሙሉ ድርቅ የሚልላቸው ሴቶችም አሉ፣ ታድለው።

ይውጣልኝ ብዬ ስሄድ "ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጊዜው ሳይሞላ አይወጣም" ተባልኩ። ቀጥሎ "ባልሽ ያውቃል?" ተባልኩ። ሴትየዋ ይውጣልኝ ባለች ቀን መውጣት እንዳለበት ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀጠሮ የምታወጣው ሲስተር ስልጠና ላይ ናት ተባለ። ነገሩ ድሮም እንዲህ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በየጤና ኬላው ማስቀበር ሲጀመር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ የሰለጠኑት ለማስገባት ነበር። ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ቀረ።

በሦስተኛው አንድ ወጣት ነርስ ተቀበለኝ። ክንዴን ጫን ጫን እያደረገ ፈለገ፣ አጣው። አጥቶትም ቀደደኝ! "እዚህ ጋ መሆን አለበት" እያለ በመቆንጠጫ አርባ ደቂቃ ያህል ቆፈረ። ማደንዘዣው አለቀ፣ ጨመረልኝ፣ እሱም አለቀ። በመጨረሻ ሰፋኝና "ምናልባት ራሱ ወጥቶ ይሆናል" አለኝ። ሳላውቀው? ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤቴ አለቀስኩ።

ቁስሉ ሲድን ያጠራቀምኩትን ብር ይዤ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሩ ቢላ ከማንሳቱ በፊት አልትራሳውንድ አየ። ዘንጓ ጡንቻው አጠገብ ጠልቃ ተኝታለች። በእስክሪብቶ ምልክት አደረገባትና አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አወጣት። በጥልቀት የተቀበረ በእጅ አይገኝም፣ ሳይታይ አይነካም አለኝ። ታዲያ ሌላው ለምን ነካው?

ላስቀብር ወይ ብለው ለሚጠይቁኝ ሴቶች ሁሉ የምለው፦ አልጋው ላይ እያለሽ ፋሻው ሳይታሰር ዳሰሺው። ካልተሰማሽ ንቅንቅ እንዳትይ። እርጉዝ እስካልሆንሽ በማንኛውም ቀን ማስቀበር ይቻላል ይሉሻል፤ እኔ ግን የወር አበባሽ በመጣ በአምስት ቀን ውስጥ ሂጂ እላለሁ፣ ሰባት ቀን በኮንዶም ከመጠበቅ ትድኛለሽ። የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሳይጠይቁሽ ተናገሪ፣ አንዳንዶቹ የዘንጓን ጉልበት ይቀንሳሉ። በዓመት ውስጥ መውለድ ካማረሽ መርፌውን እርሺው፣ ካቆምሽ በኋላም ወራት ያስጠብቃል። ዘንጓ ግን ከወጣች ወዲያው ማርገዝ አለ።

እኔ አሁን ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ነኝ፣ ባለ መዳቡ። አሥር ዓመት ይቆያል፣ ሆርሞን የለውም። የወር አበባዬ በዛ ይላል፣ ግን ቀኑን ያውቃል። ከማስገባቴ በፊት ሲስተሯን "ማውጫው ቀን ማን ነው የሚያወጣልኝ?" አልኳት። ሳቀችና "እኔው ነኛ" አለች። ስልኳን ተቀበልኩ።