ኮርድ የሌለው ዘፈን እና የ40 ማርክ ክርክር

የግሬድ ቅሬታ ሰሞን ሁልጊዜ ግርግር ነው። የማስተምርበት የሙዚቃ ትምህርት ክፍልም ከዚህ አያመልጥም። አብዛኛው ቅሬታ የታወቀ ነው፦ ድምር ተሳስቷል፣ አሳይንመንቴ ጠፍቷል፣ ታምሜ ነው የቀረሁት። ባለፈው ሰሞን አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይዞት የመጣው ወረቀት ግን ዲፓርትመንቱን ለሁለት ከፈለው።

ፈተናው እንዲህ ነበር። ከ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ዘፈኖች አንዱ ይከፈታል። ተማሪዎቹ ደጋግመው ይሰሙና ኖታውን ይጽፋሉ። ከ100ው ማርክ 40ው ለዜማና ለምት ነው። 40ው ለኮርድ፣ ማለትም ዜማውን ለማጀብ አብረው ለሚመቱ ድምፆች ነው። የቀረው 20 ለአወቃቀሩ ነው፤ መግቢያው፣ አዝማቹና የሆርኖቹ (የትንፋሽ መሣሪያዎቹ) ተራ የት የት እንደሆነ ለይተው ያስቀምጣሉ። ይህ መስፈርት ለክላሲካል የጆሮ ልምምድ ከምንጠቀምበት ፎርም እንዳለ የተወሰደ ነው።

ልጁ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። በሳምንቱ ውስጥም ማታ ማታ ክለብ ይሠራል። ጠዋት ክፍል የሚገባው ዓይኑ ቀልቶ ነው። የኖታ አጻጻፉ አያምርም። ጆሮው ግን ጉድ ነው። አንድ ዘፈን ሁለቴ ከሰማ በቃ፣ ቤዙን ከነሆርኑ በጣቱ ያወጣዋል።

ወረቀቱን አየሁት። ዜማው አለ። ዘፋኙ ድምፁን የሚያወዛውዝበት ቦታ ሁሉ በትንንሽ ኖታ ገብቷል። ቤዝ ጊታሩ የሚደጋግማት መስመር ከሥር ተጽፋለች። የኮርዱ ቦታ ግን ባዶ ነው። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ «እዚህ ኮርድ አይቀየርም። ቤዙ ያቺኑ መስመር ይዞ ይዞራል። ሆርኖቹ የሚመቱት የዘፋኙን ዜማ ነው» ብሎ ጽፏል። ከላይ ጥግ ላይ ደግሞ «ካሴቱ ከዲ ትንሽ ከፍ ይላል» የምትል ማስታወሻ አለች። እሷም በቀይ ተሰርዛለች። ለኮርድ ከ40 ዜሮ።

ያረሙት አንጋፋ ባልደረባችን ናቸው። ክላሲካል ፒያኖ ውጭ ሀገር ተምረው የመጡ፣ ግማሾቻችንን ያስተማሩ ሰው። ቅሬታውን ለማየት በተቀመጥንበት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ዘፈንማ ከተማው ሁሉ ያስተምረዋል። ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ይሰማል። እኛ ጋ የሚመጣው ከተማው የማያስተምረውን ሊማር ነው። ሃርመኒ፣ የኮርዶቹን ቅንጅት፣ የማይጽፍ ከሆነ ዩኒቨርሲቲ ምን ሊያደርግ መጣ?»

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የዘፈን ትምህርትን የሚቃወሙ ብዙ ሰዎች ንቀት ነው የሚያናግራቸው። የእሳቸው ግን ንቀት አይደለም። ወላጅ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልከው ሬዲዮ እንዲሰማ አይደለም። ስለዚህ በንግግር ልመልስላቸው አልፈለግሁም። «ጋሼ፣ ቅጂውን ከፍተን ወረቀቶቹን እንሞክራቸው። እርስዎ ይጫወቱ» አልኳቸው። ሳያቅማሙ ተነሡ።

ከክፍሉ ከፍተኛ ውጤት ያገኘችውን ልጅ ወረቀት ይዘን ጀመርን። 92 አግኝታለች። ጽሑፏ የታተመ ይመስላል። ኮርዱ ዲ ማይነር፣ ጂ ማይነር፣ ኤ ሜጀር እያለ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ግን ፒያኖውና ቅጂው አልገጥም አሉ። ጋሼ ግራ ተጋብተው «ፒያኖው ነው ወይስ ቴፑ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ያቺ በቀይ የተሰረዘችው ማስታወሻ ነበረች። የካሴት ፍጥነት በ6 ከመቶ ገደማ ሲዛባ ዜማው በግማሽ ቶን ይወጣል ወይም ይወርዳል። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ በኖረበት ሀገር ሁለት ተማሪዎች የአንድን ዘፈን ሁለት ቅጂ ሰምተው አንዱ «ዲ ነው» ሌላው «ኢ ፍላት ነው» ቢሉ ሁለቱም የሰሙትን ነው የተናገሩት።

ፒያኖውን ትተን ወደ ኪቦርድ ሄድን። ቃናውን በጥቂቱ ከፍ አደረግነው። አሁን ገጠመ። ጋሼ ዲ ማይነሩን ያዙ፤ ደህና ነው። ጂ ማይነሩ ላይ ትንሽ ጎረበጠ። ኤ ሜጀሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ።

ዘፈኑ ባቲ ማይነር በሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ከዲ ሲነሣ ያሉት ድምፆች ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ እና ሲ ብቻ ናቸው። ኤ ሜጀር ግን ሲ ሻርፕና ኢ አለበት። ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። ዘፋኙ ሲ ላይ ቆሞ ሲያዜም እጅዎ ሲ ሻርፕ ከመታ የሚሰማው ጥርስ ያንገጫግጫል። ጋሼ መልሰው ሞከሩት። ከዚያ የልጁን ወረቀት አነሡና የቤዟን መስመር ብቻ በግራ እጃቸው ተጫወቱ። ዘፈኑ ሄደ። እስከ መጨረሻው አላቋረጡትም።

«ግን እነዚህ ሆርኖች ኖታ አንባቢ ናቸው» አሉ ሲጨርሱ። ልክ ናቸው፤ እኔም ይህ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በ1924 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲገቡ የነሐስ ሙዚቃ ከነኖታው አብሮ ገባ። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ፣ ብዙ ሙዚቀኛ አስተምረዋል። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በዚህ መንገድ ነው ያደጉት። የሆርኑ ድርሻ በወረቀት ተጽፎ የሚነበብበት ባህል ነበረን። ማንም ተነሥቶ ዘፈን በጆሮ ብቻ ነው ቢል አልስማማም።

ሃርመኒም ቢሆን ባዕድ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ተምሮ ነው የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች ጋር ያገናኘው። ኮርዱን ያስገባው ግን ቅኝቱን እያዳመጠ ነው። ቅኝት ላይ ኮርድ መጨመር ፈጠራ ነው። ቅጂው ላይ የሌለን ኮርድ አለ ብሎ መጻፍ ግን ስሕተት ነው። ፈተናችን ለስሕተቱ 40 ማርክ መድቦለት ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉን የፖፑላር ሙዚቃ ጥናት ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ፊሊፕ ታግ ዕድሜ ልኩን የሞገተው ይህንኑ ነው። ኖታ ላይ የማይሰፍር ነገር እንደሌለ ይቆጠራል ይል ነበር። የድምፅ ቀለም፣ የማይክራፎኑ ርቀት፣ የምቱ አካሄድ በአምስት መስመር ላይ አይገኙም። ሰው ዘፈኑን የሚወደው ግን በእነሱ ነው።

የልጁ ማርክ ተስተካከለ። ስለ ልጅቷ ግን ረጅም ተነጋገርን። ቢሮዬ ድረስ መጥታ «ቲቸር፣ ኮርድ ጻፉ ተብሎ ጻፍኩ። እኔ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ምንም አላጠፋችም። መስፈርቱ ያላትን ነው ያደረገችው። እንዲያውም ጂ ማይነሩ ጋ ስትደርስ ጆሮዋ አልቀበልም ብሏት እንደነበር ነገረችኝ። ወረቀቱ 40 ማርክ ስለሚል ጆሮዋን ትታ ወረቀቱን አመነች። ይህን ስሰማ ከልጁ ዜሮ ይልቅ ይኼኛው አንገበገበኝ። ጎበዝ ተማሪ የገዛ ጆሮዋን እንድትጠራጠር አስተምረን ነበር። ውጤቷ አልተነካም።

አሁን መስፈርቱ ተቀይሯል። የ40ው ማርክ ጥያቄ «ይህን ዘፈን ምን ይዞት ይሄዳል?» የሚል ነው። ኮርድ ከሆነ ኮርዱን ይጽፋሉ። ቤዙ ወይም ከበሮው ከሆነ እሱን ያሳያሉ። የትኛውን ቅጂ እንደሰሙ፣ ካሴት ይሁን ሸክላ፣ ወረቀቱ አናት ላይ ማስፈር ግዴታ ነው። ጋሼ በበኩላቸው የሃርመኒ ኮርስ አንድ ሰዓት እንዳይቀነስበት አጥብቀው ጠይቀዋል፤ እኔም ደግፌያቸዋለሁ። የሰርግ ኪቦርዲስቱም ያ ትምህርት ያስፈልገዋል።

የቀረን አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ነው። ክራር ላይ ሲቃኝ አንዳንድ ድምፆቹ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር አይገጥሙም። ኪቦርድ ላይ ያስለመድናቸው ተማሪዎች ደግሞ ያንን ልዩነት እንደ መዛባት ነው የሚሰሙት። ስለዚህ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ክራር ተጫዋች ክፍል እንዲገባ የክፍያ ጥያቄ አስገብቻለሁ። መልሱ ገና አልመጣም። ቢዘገይ ከራሴ ኪስ ከፍዬም ቢሆን አመጣዋለሁ።